ለቋንቋችን ወንበር የሚይዝለት ማን ነው?

«ጉባኤ» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሊቁ ወንበር ዘርግቶ፥ ደቀ መዛሙርቱ ዙሪያውን ከበው፥ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲያደምጥ የሚውሉበት ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ ጉባኤ ይባላል። የቅኔ ተማሪማ የጉባኤን ጣዕምና ምሬት ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርብና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል። ቤቱ የጐደለ ወይም ሰሙና ወርቁ ያልተስማማ እንደ ሆነ እዚያው ይታረማል፤ ያማረ እንደ ሆነም እዚያው ይመሰገናል። «ቅኔዬ በልቤ አለ፤ ሳልናገረው ዕወቁልኝ» ብሎ ባለቅኔ የተባለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

በዘመናችን የዓለም ምሁራን የሚሰበሰቡበት ጉባኤም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የዛፉ ጥላ በአዳራሽ፥ ብራናው በኮምፒዩተር ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው መናገር፥ መጠየቅና መታረም ነው። ከነዚህ ጉባኤዎች መካከል ዛሬ አንባቢዬን ላወያይበት የፈለግሁት ስለ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተርንና ቋንቋን፥ ጽሕፈትንና የሰዎችን መግባባት አጣምረው ስለሚመረምሩት ጉባኤዎች ነው። ነገሩ ለጥቂት ባለሙያዎች የተተወ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በስልካችን አማርኛ የምንጽፍበት፥ ደብዳቤያችን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ፊደሉ ሳይበላሽ የሚደርስበት፥ ኮምፒዩተርም አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስበት መንገድ ሁሉ አንድ ቀን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው ማን ነበር? የማንስ ቋንቋ ተነሣ? የማንስ ተረሳ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ለአንባቢ እንዲቀል ሲባል ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዐሥራ ስምንት ሰዎችና አንድ ጠረጴዛ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1949፥ በሮክፌለር ፋውንዴሽን የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አሜሪካዊው ዋረን ዊቨር አንድ ማስታወሻ ጽፈው ለሚያውቋቸው ምሁራን አደሉ። ሐሳባቸውም በጦርነቱ ጊዜ የጠላትን ምሥጢራዊ ጽሑፍ ለመፍታት የረዳው የስሌት ጥበብ አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው ለመተርጐምም ሊረዳ ይችላል የሚል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በጁን ወር 1952፥ ዬሆሹዋ ባር ሂሌል የተባሉት እስራኤላዊ ፈላስፋ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለዚሁ ጉዳይ የመጀመሪያውን ጉባኤ ጠሩ። በጉባኤው የተገኙት ሰዎች ዐሥራ ስምንት ብቻ ነበሩ።

ከተጠሩት አንዱ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው ሊዮን ዶስተርት ናቸው። እኒህ ሰው በኑረምበርግ የጦር ወንጀለኞች ችሎት ንግግሩ ወዲያው በጆሮ ማድመጫ እየተተረጐመ የሚሰማበትን አሠራር ያደራጁ ስለ ነበሩ የትርጕምን ጣጣ አሳምረው ያውቁት ነበር። ወደ ጉባኤው የመጡት በጥርጣሬ ነው፤ ሲወጡ ግን ጥቂትም ቢሆን ሠርቶ ማሳየት እንደሚያስፈልግ አምነው ወጡ። በጃንዋሪ 7 ቀን 1954 ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ ጋር ተባብረው በኒው ዮርክ ከተማ ሙከራውን ለሕዝብ አሳዩ። ኮምፒዩተሩ 250 ቃላትና 6 የሰዋስው ሕጎች ብቻ ተሰጥተውት ከ60 የሚበልጡ የሩስያኛ ዐረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ጋዜጦች አደነቁ። ዶስተርትም ሥራው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ፍጻሜ ሊያገኝ እንደሚችል ተስፋቸውን ገለጡ።

ተስፋው ግን በቀጠሮው አልደረሰም። በ1960 እነዚያው ጉባኤውን የጠሩት ባር ሂሌል ራሳቸው ተነሥተው፥ አንድ ቃል ሁለት ትርጕም ሲኖረው ትክክለኛውን የሚመርጠው ስለ ዓለም ያለን ዕውቀት ስለ ሆነ፥ ይህ ዕውቀት የሌለው ኮምፒዩተር ፍጹም ትርጕም ሊሰጥ አይችልም ብለው ጻፉ። እኛ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ቢነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ቢነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ብንልም ላልቶ «እስከ አሁን» ሲሆን ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ የሚለየው የአንባቢው አእምሮ ነው። በ1966 የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ የኮምፒዩተር ትርጕም ከሰው ትርጕም ይልቅ የዘገየ፥ ስሕተት የበዛበትና ወጪውም ዕጥፍ ነው ብሎ አስታወቀ፤ ለሥራው ይሰጥ የነበረውም ገንዘብ እጅግ ተቀነሰ። በ1962 ተመሥርቶ የነበረው የባለሙያዎቹ ማኅበር እንኳ በ1968 «የኮምፒዩተር ትርጕም» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ «የስሌታዊ ሥነ ልሳን ማኅበር» ተባለ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ በየዓመቱ የሚያደርገውም ጉባኤ በሙያው ከታወቁት ሁሉ ዋነኛው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ እውነተኛ ጉባኤ የራሱን ተስፋ ራሱ የሚመረምርበት ሥፍራ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ ይመለከተናል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሩስያኛ የቀረበው ከሌሎች ቋንቋዎች ተሽሎ ወይም ቀልሎ አልነበረም። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፥ ሩስያኛ እንዲነበብለት የሚፈልግና ለዚያም ገንዘብ የሚከፍል ወገን ስለ ነበረ ነው። ቋንቋ በራሱ እግር ወደ ጉባኤ አይሄድም። ይዞት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ጥናት እንዴት ተመርጦ ይቀርባል?

ወጣት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «በውጭ አገር ጉባኤ ላይ ለመናገር ማን ይፈቅድልናል?» ሲሉ ይሰማሉ። አሠራሩ ምሥጢር አይደለም። ጉባኤው ከመሰብሰቡ ብዙ ወራት በፊት አዘጋጆቹ የጥናት ጥሪ ያወጣሉ። በጥሪው ላይ የሚፈለገው ርእስ፥ የገጹ ብዛትና የመጨረሻው ቀን ተወስኖ ይገለጣል። ጸሐፊው ጽሑፉን ይልካል። በብዙዎቹ ጉባኤዎች ዘንድ የጸሐፊው ስም ከጽሑፉ ላይ ተነሥቶ ለሦስት ያህል መርማሪዎች ይሰጣል፤ እነርሱም የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ መርምረው ጉድለቱንና ጥንካሬውን በጽሑፍ ይገልጣሉ። የታላቅ ሰው ልጅ መሆን ወይም ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ መምጣት በዚህ በር በቀላሉ አያስገባም።

ያለፈው ጽሑፍ በጉባኤው ላይ በአንዱ መንገድ ይቀርባል። ወይ ባለቤቱ በመድረክ ቆሞ ይናገራል፤ ወይም ሥራውን በሰፊ ወረቀት አትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ከጎኑ ቆሞ ለሚጠይቀው ሁሉ ያስረዳል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው የሚያንስ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ብዙ ወዳጅነትና ብዙ አዲስ ሐሳብ የሚገኘው በዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ከጉባኤው በኋላ ጽሑፎቹ በአንድ መድበል ይታተማሉ። በሌላው የትምህርት ዘርፍ ትልቁ ክብር በመጽሔት መታተም ሲሆን፥ በኮምፒዩተር ትምህርት ግን የጉባኤው መድበል ራሱ ከፍ ያለ ክብር አለው። የስሌታዊ ሥነ ልሳን ማኅበር ደግሞ የጉባኤዎቹን መድበሎች ሁሉ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያነባቸው በኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል። የመጓጓዣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ እንኳ ሌሊቱን ተቀምጦ ሊያነባቸው ይችላል።

ምርጫው ግን ጠባብ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ወደ ኋላ በስፋት በምናነሣው የ2020 ጉባኤ ላይ ከቀረቡት 2594 ጽሑፎች መካከል የተቀበሏቸው 687 ብቻ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተመለሱ ማለት ነው። የተመለሰለት ሰው የሚያተርፈው ነገር ግን አለ፤ ጽሑፉ ከነእርማቱ ስለሚመለስለት አስተካክሎ በሌላ ጉባኤ ማቅረብ ይችላል።

የጽሕፈት መምህራን ጥያቄ

የኮምፒዩተርና የቋንቋ ነገር የመሐንዲሶች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ጉባኤ አለ። በ1982 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት የሚያስተምሩ መምህራን «ኮምፒዩተርና ጽሕፈት» በሚል ርእስ ተሰበሰቡ። በተከታዩ ዓመት በዚሁ ጉዳይ ላይ የሚጻፍ መጽሔትም ተጀመረ። መምህራኑ የጠየቁት፥ ኮምፒዩተር ተማሪውን አሳቢ ያደርገዋል ወይስ የጽሑፉን መልክ ብቻ ያሳምርለታል? የሚል ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1979፥ ሂዩ በርንስ የተባሉ ሰው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናታቸውን ያቀረቡት በዚህ ላይ ነው። የሠሩት ፕሮግራም ለተማሪው አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይጽፍለትም ነበር። ከአርስጣጣሊስ የንግግር ትምህርት የተውጣጡ ጥያቄዎችን እያከታተለ ይጠይቀዋል፤ ተማሪውም እየመለሰ የራሱን ሐሳብ ያገኛል። ከኖቬምበር 2022 ወዲህ፥ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ፥ ነገሩ ተገልብጦ ጠያቂው ተማሪው፥ መላሹ ኮምፒዩተሩ ሆኗል። ስለዚህ የ1982ቱ ጥያቄ ዛሬ ብሶ ተመልሷል። ማመልከቻ፥ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ሲጽፍ የሚውል ወጣት ሹም ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው? ወይስ ፊርማው ብቻ?

ፊደላችን ቍጥር ያገኘበት መንገድ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። በአማርኛ የሚጽፉ የመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በተሠሩ ጊዜ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በባዕድ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በኢሜይል ለመጻጻፍ ሲቸገሩ፥ በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ወክሎ የሚያስተላልፍ «ሴራ» የተባለ ሥርዐት አዘጋጅተው አቅርበዋል።

ዩኒኮድ የተባለው ማኅበር የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለመቍጠር በ1991 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን እትም ባወጣ ጊዜ ፊደላችን በውስጡ አልነበረም። የገባው ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ቍጥር አገኙ። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌና ለብሊን፥ በ2010 ለባስኬቶና ለጉሙዝ ለመሳሰሉት ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ። በ2021ም ለጉራጌኛ አዲስ ጭማሪ ተደረገ። ይህ ሁሉ የሆነው በችሮታ አይደለም። ሰዎች ማስረጃ ሰብስበው፥ ፊደሉ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ታተመ አሳይተው፥ ለኮሚቴ ጽፈውና ተከራክረው ነው። ያልጻፈ ሰው ፊደሉ ሳይቈጠርለት ይቀር ነበር።

ዘግይቶ መግባት ዋጋ አለው። በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ባይት ቦታ ሲይዝ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ልዩነቱ በሙሉ ኪሣራ አይደለም። ቢሆንም አነስተኛው ቍጥር ለማን እንዲሰጥ የሚወሰነው ቀድሞ በተቀመጠ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ የነበረው ጉባኤ

የወንበሩ ጥያቄ በገሃድ የታየው ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ነው። በ2018 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው ታላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ሊገኙ የተጋበዙ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከለከሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚሄዱት «ጥቁሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት» የተባለው ማኅበር ወዳዘጋጀው ስብሰባ ነበር፤ ማኅበሩን በ2017 የመሠረቱትም ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፥ ሁለቱም አዲስ አበባ የተወለዱ ምሁራን ናቸው። እንግዲህ ጽሑፉ ተመርጦ፥ ሰውየው ግን በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውና በ2013 የተጀመረው «አይ ሲ ኤል አር» የተባለው ጉባኤ የ2020 ስብሰባውን በአዲስ አበባ ለማድረግ ወሰነ። ቀኑም ከአፕሪል 26 እስከ 30 ሆኖ ተቀጠረ። በዚህ ሙያ ከታላላቆቹ ጉባኤዎች አንዱ ወደ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ሊሆን ነበር። ከእርሱም ጋር ስለ አፍሪካ ቋንቋዎችና ስለ ኮምፒዩተር የሚነጋገር ልዩ ስብሰባ ተያይዞ ተዘጋጅቶ ነበር። ዳሩ ግን የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን በር ሁሉ ዘጋው። ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ፤ አዲስ አበባም ስሟ በጥሪው ላይ ተጽፎ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በሜይ 2023፥ ይኸው ጉባኤ በአካል ወደ አፍሪካ መጣ፤ የተሰበሰበው ግን በሩዋንዳ በኪጋሊ ከተማ ነው። ለኪጋሊ ደስ ይበላት። እኛን ግን ሊያስቈጨን ይገባል፤ ቍጭቱም ወደ ሥራ ይምራን።

በታሪካችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ መጀመሪያ የተሰበሰበው በ1959 በሮማ፥ ሁለተኛውም በ1963 በማንቸስተር ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የሚነጋገረው ጉባኤ ኢትዮጵያን ለማየት እስከ 1966 ቈየ። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ጉባኤ በአዲስ አበባ ሊሰበሰብ የቻለው ከሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1963፥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተመሥርቶ ስለ ነበረ ነው። እንግዳ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ቤት መሥራት አለበት።

ሳይጠሩም የሚሠራ ሥራ

ጉባኤው ቢቀርም ሥራው አልቀረም። በ2019 የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች «ማሳካኔ» የተባለ ኅብረት አቋቋሙ። ቃሉ የዙሉ ቋንቋ ሲሆን «በኅብረት እንገነባለን» ማለት ነው። በ2021 ካሳተሟቸው ሥራዎች አንዱ በዐሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች፥ አማርኛም ጭምር፥ ከጋዜጣ ዜና ውስጥ የሰውን፥ የቦታንና የድርጅትን ስም ኮምፒዩተር ለይቶ እንዲያውቅ የሚያስተምር የጽሑፍ ስብስብ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ተስፋ ከጎንደር መጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንባቢዬ ይመልከት። የመጣው አቶ ተስፋ ነው ወይስ መልካም ነገርን መጠበቅ? እንግሊዝኛ የሰው ስም ሲጽፍ ትልቅ ፊደል ስለሚጠቀም ፍንጭ ይሰጣል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስማችንም ደስታ፥ ሰላም፥ ብርሃን እየተባለ ከቃል ጋር አንድ ነው። ይህን ለይቶ ምልክት የሚያደርግ አማርኛን ከነባህሉ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። «ስላላስመጣኋቸው» የምትለዋን አንዲት ቃል እንፍታት። ምክንያቱ አለባት፤ አሉታው አለባት፤ ማስደረጉ አለባት፤ ግሱ አለባት፤ «እኔ»ም «እነርሱ»ም አሉባት። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለመናገር ሰባት ቃላት ያህል ያስፈልጉታል። ለእንግሊዝኛ የተሠራው የኮምፒዩተር አሠራር እንደዚች ያለችውን ቃል ሲያገኝ የት ላይ እንደሚቈርጣት ግራ ይገባዋል። የፊደላችንም ነገር አለ። ፀሐይን በ«ጸ»ና በ«ፀ»፥ በ«ሀ»፥ በ«ሐ»ና በ«ኀ» እያቀያየርን ብንጽፋት ስድስት ዐይነት ትሆናለች፤ ካልተነገረው ኮምፒዩተሩ ስድስት ፀሐዮች እንዳሉ አድርጎ ይቈጥራል። የጉግል አስተርጓሚ በ2006 ሥራ ሲጀምር አማርኛ አልነበረበትም፤ የተጨመረው በ2016 ነው። ከተጨመረም በኋላ ትርጕሙ እየተሻሻለ የሚሄደው የሚማርበት ጥሩ የአማርኛ ጽሑፍ በተገኘ መጠን ነው። ያንን ጽሑፍ ከእኛ በቀር ማን ያዘጋጀዋል?

የጉባኤ ሰው ሦስት ዐይነት ነው

እስከ አሁን ስለ በሩ ተናገርን፤ አሁን ደግሞ ስለ ገቢው እንናገር። በየጉባኤው ሦስት ዐይነት ሰው ይታያል። አንደኛው የአበል ሰው ነው። ስሙን በደረቱ አንጠልጥሎ፥ ቦርሳውን ተቀብሎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አይገኝም። ስለ ጉባኤው ቢጠየቅ የሆቴሉን ቍርስ ይናገራል። ሁለተኛው የጨዋ አድማጭ ነው። ሁሉን ይሰማል፥ ሁሉን ይጽፋል፤ ነገር ግን ጥያቄ አይጠይቅም፥ እጁን አያነሣም። እንግሊዝኛው እንዳይሰበርበት ይፈራል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለእርሱ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ይዞ የሚመጣው ነው። ወረቀቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ አንድ መቶ ቃላት የመረመረበት፥ የአንድ ወረዳን አነጋገር የቀዳበት ይሆናል። ቢሆንም ቋንቋውን በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ እርሱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተመራማሪ ተነሥቶ «አማርኛ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያነበው የእርሱን ወረቀት ነው።

ስለ ሦስተኛው ሰውም ቢሆን አንድ ወቀሳ አለ። በአማርኛ ላይ የሚደረገው የኮምፒዩተር ጥናት አብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ዓለም እንዲያነበው ግድ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ከጉባኤ ሲመለስ ያገኘውን በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርጎ ቢጽፍ፥ ለሥራውም ስም ቢያወጣለት፥ ቋንቋው ራሱ ስለ ራሱ መናገር ይማር ነበር። ለአገሩ አስተማሪ፥ ለጋዜጣ ጸሐፊና ለፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ የሚጠቅም ነገር በባዕድ መድበል ውስጥ ታትሞ ቢቀር፥ እህሉ ተወቅቶ ጐተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለተማሪው የምለው ይህን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍህ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲለብስ አትፍቀድ፤ አሳጥረህ፥ አስተካክለህ ወደ አንድ ጉባኤ ላከው። ቢመልሱልህ እርማቱን አንብብ። ነፃ የሆኑትን መድበሎች ሳታነብ «መጽሐፍ የለም» አትበል። ብቻህን የምትደክምበትን ከጓደኞችህ ጋር ተካፈለው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና።

ለወጣቱ ሹም ደግሞ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ መሥሪያ ቤትህ ወደ ጉባኤ ሰው ሲልክ «የሚሄደው ማን ነው?» ከማለትህ በፊት «የሚቀርበው ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሁለተኛ፥ ምሥጢርነት የሌላቸውና በአማርኛ የተጻፉ ሪፖርቶች፥ መመሪያዎችና ማስታወቂያዎች በንጹሕ ዩኒኮድና ባልተዘበራረቀ አጻጻፍ እንዲቀመጡ አድርግ፤ የሰው ስምና አድራሻ ያለባቸውን ጠብቅ፥ የቀሩትን ግን ለተመራማሪዎች ክፈት። ሦስተኛ፥ የተላከው ሰው ሲመለስ ያየውን በአማርኛ ጽፎ ለባልደረቦቹ እንዲያስረዳ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ይሁን። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በ1952 ዐሥራ ስምንት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የጀመሩት ንግግር ዛሬ ዓለምን አዳርሷል፤ ንግግሩም አላለቀም። አማርኛም፥ ከአማርኛ ጋር በዚች አገር የሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ፥ በዚያ ንግግር ውስጥ የሚኖራቸው ድርሻ በኩራታችን ልክ አይመዘንም። የሚመዘነው ይዘንላቸው በምንሄደው ሥራ ነው። የቅኔው ተማሪ የሚታረመውም የሚመሰገነውም የተናገረ ቀን ነው፤ የእኛም ተራ ደርሷልና ወረቀታችንን እናዘጋጅ።